ኮሎኔሉ ከምርጫው የወጡበት ቅዳሜ

ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ለምክር ቤት በግል ይወዳደሩ የነበሩት ኮሎኔል ደጉ ወልደሰማያት በቦሌ ሚካኤል አካባቢ በሚገኝ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በመራጮች ፊት ቆመው ከውድድሩ መውጣታቸውን ተናገሩ።

እኔ ከመድረኩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዓቴን ያየሁት ከልማድ ነው። ሰዓቱ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በደንብ ተጽፏል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን የገዛ እጄን ጽሑፍ ግን ዛሬ እኔም አንብቤ አልጨርሰውም። ወደ አርባ ዓመት በዘጋቢነት ስሠራ ፊደሌ የተበላሸብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በጎርፍ ስፍራ፣ በቃጠሎ፣ በመኪና አደጋ ላይ ቆሜ ጽፌያለሁ። እጄ ቀጥ ያለ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ መታወቂያዬን ተቀብሎ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ስለ ደመወዝ የምለው የለም፤ ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ደርሷል፣ ከዚያ አላለፈም። ደብተሮቼን በሁለት ካርቶን አድርጌ ሲኤምሲ ልጄ ቤት ሳስገባ፣ ልጄ ካርቶኖቹን እያየች ከዚህ ሁሉ የማይረሳህ የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የመንግሥት ለውጡን የምነግራት መስሏት ነበር። ያንን ቅዳሜ አልኳት። ሰምታው አታውቅም። እኔም ለቤተሰቤ አውርቼው አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት በመንግሥት ጋዜጣ ነው፣ የምሥራቁ ጦርነት በተነሣበት ጊዜ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተመደብኩበት ክፍል የጦር ዜና ክፍል ይባል ነበር እንጂ ጦር ሜዳ የሚያደርስ አልነበረም። ጦርነቱ የሚመጣልን በፖስታ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሞተረኛ ቡናማ ፖስታ ያደርሳል፤ ውስጡ በካርቦን የተገለበጠ ወረቀት አለ፤ የኛ ሥራ ወረቀቱን ማሳመር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ከሰባት ሰዓት በፊት እንዲደርሳቸው። "ልጆች፣ ጀግናው ይቆይላችኋል፣ ማተሚያ ቤቱ ግን አይቆይም" ይሉን ነበር። ጽሑፎቹ ላይ ስማችን አይወጣም። አንዳንድ ሳምንት የኒሻን ዜና በየቀኑ አለ፤ ማን የቱን እንደጻፈ እኛም አናስታውስም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ሠራሁ። ተመልሼ ፍርድ ቤት ተመደብኩ፤ ሙያውን የተማርኩት እዚያ ነው። ምስክር ሲናገር ፊቱን ሳይሆን እጁን ማየት፣ "ሰምቻለሁ" ያለውንና "ነበርኩ" ያለውን በሁለት ገጽ ለይቶ መጻፍ እዚያ ለመድኩ። መንግሥት ሲለወጥ በመዋቅር ለውጥ ተቀነስኩ። የግል ጋዜጦች እንደ አሸን የፈሉበት ጊዜ ስለነበር ከሦስት ወር በላይ ሥራ አልፈታሁም። ጋሽ ሙሉጌታ ቀጠሩኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ ሳምንታዊ ጋዜጣቸውን የሚያዘጋጁት ቦሌ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠርተዋል። ዓይናቸው የደከመ፣ አንገታቸው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ድምፃቸው ከክፍሉ የማይወጣ ሰው ናቸው። ጽሑፍ ስትሰጣቸው አያነቡትም። ተቀመጥ ብለው እርሳስ ይሰጡሃል። በየዓረፍተ ነገሩ ትይዩ፣ በጠርዙ ላይ፣ ራስህ ያየኸው ከሆነ "ዓ" ትጽፋለህ፣ ዓይን ማለት ነው። የሰማኸው ከሆነ "ጆ"፤ ከሰነድ ያገኘኸው ከሆነ "ወ"። ምንም ልትጽፍበት ያልቻልከው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። "ጆ" ሲበዛባቸው "ይህ ጋዜጣ ነው ስልክ?" ይላሉ። "ወ" ሲያዩ ደግሞ እርሳሱን መልሰው ይወስዱና "ወረቀት አፍ የለውም፤ ያናገረው ሰው አለ። ማነው?" ይላሉ።

በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ቦሌ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ጤፍ ተደብቋል የሚል ወሬ ይዤ መጣሁ። አምስት ሰው አነጋግሬ ነበር፤ ጠርዙ ሙሉ "ጆ" ሆነ። መልሰው ላኩኝ። ዘበኛውን ለምኜ በበሩ ክፍተት አየሁ፤ እስከ ጣሪያው የተደረደረ የቀለም ጣሳ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ስነግራቸው አልሳቁም። "አምስቱም ሰዎች ዋሹ ማለት አይደለም፤ አንዱ ነው ያወራው፤ አራቱ ሰሙ" አሉኝ። ይህን በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ጥንቁቁ ዘጋቢ እኔ ሆንኩ። ሌሎቹ በጽሑፋቸው ሲጣሉ "ለብርሃኔ ይታይ" ይባል ጀመር።

ምርጫው ሲቃረብ ጋሽ ሙሉጌታ በየአካባቢው የሚወዳደሩትን ሰዎች በየሳምንቱ እንድናስተዋውቅ ወሰኑ። እኔ ኮሎኔል ደጉ ደረሱኝ።

ኮሎኔሉ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። የቀድሞው ጦር ሲበተን ከብዙ መኮንኖች ጋር ተሃድሶ ጣቢያ ከርመው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ቦሌ ውስጥ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ቢሯቸው ከቆርቆሮ የተሠራ ሆኖ አንድ ግድግዳው ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የመኪናውን ቁጥር፣ የሹፌሩን ስም፣ የሄደበትን አገር በጠመኔ ይጽፉበታል። ሹፌሮቹ ይፈሯቸዋል፤ ይወዷቸዋልም። የሠፈሩ ሰው ደግሞ የተቋረጠውን ውሃ እስከ ላይ ድረስ ሄደው ያስቀጠሉት፣ በዕድር የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው መሆናቸውን ነገረኝ። ከሁሉም በላይ የሚነሣው ግን የምሥራቁ ጦርነት ኒሻናቸው ነበር። አንዲት ሱቅ ያላቸው ሴት "ኒሻን ያለው ሰው ምን ብሎ ይዋሻል?" አሉኝ። ይህን "ጆ" ብዬ ጻፍኩት።

ስለ ውሃው ጠየቅኳቸው፣ መለሱ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መንገድ፣ ሁሉንም በዝርዝር መለሱ። ስለ ኒሻኑ ስጠይቃቸው ጠመኔያቸውን አነሡና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

"ተጽፏል" አሉ። "ሂድና አንብበው።"

ትሕትና ነው ብዬ ወሰድኩት። እንዲያውም በጽሑፌ ውስጥ "ስለ ራሳቸው መናገር የማይወዱ" ብዬ አስገባሁት።

ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የዘመኑን የመንግሥት ጋዜጣ ጥራዝ አስወጣሁ። ዜናው አለ። ያኔ ሻምበል የነበሩት ደጉ ወልደሰማያት በአንድ ኮረብታ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛው ሃምሳ አለቃ ይማም አራጋው ሬዲዮውን ይዞ ከከዳ በኋላ፣ እግራቸውን ቆስለው ሳሉ በመትረየስ ጠላትን መክተው ኮረብታውን እንዳላስነኩ ይናገራል። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ቢሮ ተመልሼ ጽሑፌን ጨረስኩ፤ ጠርዙ ላይ "ወ" አልኩ።

ሐሙስ ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት የምንልክበት ቀን። ጋሽ ሙሉጌታ እርሳሱን መልሰው ወሰዱ።

"ማን ጻፈው?"

"የመንግሥት ጋዜጣ።"

"እሱ ሰው አይደለም።"

ዘጋቢው ስሙን አላወጣም አልኳቸው። እንግዲያው የሃምሳ አለቃውን ስም ሰርዘው፣ "አንድ ወታደር" ብለህ እለፍ አሉኝ። እኔ ተከራከርኩ። ስም የሌለው ታሪክ ወሬ ይመስላል፣ ደግሞ የታተመ ነው፣ በጦሩ የተረጋገጠ ነው አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይሰሙትም ነበር። እኔን ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ካልክ" አሉና ፈረሙበት።

የሃምሳ አለቃው ስም እንዲቀር የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም ላይ ማላከክ አልችልም።

ጋዜጣው ቅዳሜ ወጣ። በተከታዩ ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት፣ አንዲት ሴት ደረጃውን ወጥተው መጡ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ነጠላቸውን እንደ ወሎ ሙስሊም ሴቶች ራሳቸው ላይ አጥብቀው ጠምጥመዋል። እጃቸው ላይ የኛ ጋዜጣ ገጽ አለ። ተጨማዷል፤ በርበሬ ነክቶታል። ሾላ ገበያ የቅመም ነጋዴዎች አሮጌ ጋዜጣ ገዝተው ይጠቀልሉበታል፤ አጠገባቸው የምትሸጥ ሴት በርበሬ ልትቋጥርበት ስትል ስሙን አይታ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"ብርሃኔ የሚሉት እርስዎ ነዎት?"

ነኝ አልኩና ወንበር ሰጠኋቸው። ዘሐራ ሙሔ ነኝ፣ የይማም አራጋው ሚስት ነኝ አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንዳስረዱኝ፣ ባላቸው ከዳ የተባለው ሴት ልጃቸው በተወለደች በጥቂት ወሯ ነው። ከወሎ አዲስ አበባ የመጡት ያ ስም ያልደረሰበት ሠፈር ፍለጋ ነው። ሾላ ውስጥ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ልጅቷ አድጋለች፤ ለጋብቻ ተጠይቃ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ለሦስተኛው ቀን ተቆርጦ ነበር። የልጁ አባት የቀድሞ ወታደር ናቸው። እሳቸውም ጋዜጣውን አነበቡ። ሰኞ ዕለት ሽማግሌዎቹ አልመጡም፤ የከዳ ሰው ልጅ ቤታችን አትገባም የሚል ቃል ብቻ ላኩ።

እኔ በፍርድ ቤት ድምፄ፣ የጻፍኩት የታተመ ማስረጃ ይዤ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ማስረጃውን ማን ጻፈው?"

"የመንግሥት ጋዜጣ ነው፣ እትዬ።"

"የመንግሥት ጋዜጣ ኮረብታው ላይ ነበር?"

ጋሽ ሙሉጌታ በወዲያኛው ክፍል ሆነው ይሰሙ ነበር። እርሳሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ። ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ምንም አልወቀሱኝም። "ሂድና ያንን ዜና የጻፈውን ሰው አምጣልኝ። በሕይወት ካለ አነጋግረው" አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጥራዙን እንደገና አስወጣሁ። መጀመሪያ በችኮላ የገለበጥኩት ከመሐል ነበር፤ አሁን ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። "ሻምበሉ በገደል አፋፍ እንደ በቀለ ጽድ ሥሩን አለት ውስጥ ሰድዶ ቆመ" ይላል።

ያንን ጽድ አውቀዋለሁ። ያደግኩበት ቤት ጀርባ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አንድ ጽድ ነበር፤ በዚያ ዘመን በማሳምረው ጽሑፍ ሁሉ አስገባው ስለነበር ጓደኞቼ "ጽዱ" ብለው ይጠሩኝ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሴት አሞዎት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላመመኝም። ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄጄ፣ የማውቀው የመዝገብ ሠራተኛ የዚያን ወር የምድብ መዝገብ እንዲያሳየኝ ለመንኩ። በዚያ ቀን ትይዩ የተጻፈው ስም የኔ ነው።

ጽሑፌን ያረጋገጥኩት በራሴ ጽሑፍ ነበር። ያኔም በቡናማ ፖስታ የመጣ ወረቀት አሳምሬ ጻፍኩ፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ አውጥቼ "ወ" አልኩበት። በጤፉ ጊዜ አንድ ሰው አውርቶ አራት ሰሙ። እዚህ ያወራሁትም የሰማሁትም እኔ ነኝ። ሌባ ለመያዝ ሄዶ የገዛ ዱካውን ሲከተል የዋለ ዘበኛ አውቃለሁ፤ ሠፈራችን ለብዙ ጊዜ ስቆበታል።

ለጋሽ ሙሉጌታ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰውየውን አገኘኸው ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ኮሎኔሉን ሂድና ጠይቅ አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ቢሮ ሄድኩ። ኮሎኔሉ ሰሌዳው ላይ ይጽፉ ነበር። የድሮውን ዜና የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ጦር ሜዳ እንዳልነበርኩ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት ዘንድሮ ሾላ ገበያ እንዳሉ፣ ጋብቻውም እንደፈረሰ ነገርኳቸው። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው የሰሙኝ።

"ኮሎኔል፣ ሃምሳ አለቃ ይማም ከድቷል?"

ጠመኔው ቆመ። አንድ የመኪና ቁጥር ጀምረው ነበር፤ ሦስቱን አኀዝ ብቻ ጽፈዋል።

"ነገ አዳራሽ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"እንግዲያው ነገ።"

ይክዳሉ ብዬ ነው የወጣሁት። የሚክድ ሰው ጊዜ ይገዛል፤ ፍርድ ቤት ያየሁት ይህንን ነው። ሾላ ሄጄ ለእትዬ ዘሐራ የደረስኩበትን ሁሉ ነገርኳቸው። ዜናውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ስናገር፣ ኮሎኔሉ የሚናገሩት የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ነገርኳቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኮሎኔሉ በመሐል ተቀምጠዋል። የኒሻኑን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት የቅስቀሳቸው አስተባባሪ አቶ ተፈራ ነበሩ፤ ሁለት ታክሲ ያላቸው፣ በራሳቸው ቤንዚን ሠፈር ለሠፈር ሲቀሰቅሱ የከረሙ ሰው። እኔ የኮሎኔሉን ዓይን ስፈልግ አንድ ጊዜም አላዩኝም። ስለ ውሃ ተናገሩ። ስለ መንገድ ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ ሰው ስለ አስፋልቱ ጠየቀ። ቀጥለው ከኋላ እትዬ ዘሐራ ተነሡ። ሁለት የሾላ ሴቶች በግራና በቀኛቸው ነበሩ።

"ስሜ ዘሐራ ነው። ሾላ በርበሬ እሸጣለሁ። ለምርጫ አይደለም የመጣሁት።"

የስብሰባው ሊቀመንበር፣ "እናቴ፣ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ካልሆኑ..." ብለው ሲጀምሩ ኮሎኔሉ እጃቸውን አነሡ። ይናገሩ፣ አሉ።

"ባሌ ሬዲዮ ይዞ ከዳ ተብሎ ቤቴ ሁለት ጊዜ ተፈተሸ" አሉ እትዬ ዘሐራ። "ጣሪያዬ ሳይቀር። የት ደበቅሽው አሉኝ። ወላሂ ያንን ሬዲዮ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ምን እንደሚያህል እንኳ አላውቅም። እርስዎ እዚያ ነበሩ። ይማም ከዳ ወይ? አዎ ካሉ ቁርጤን አውቄ እቀመጣለሁ።"

ኮሎኔሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ማይክራፎኑን ከመቆሚያው አላነሡትም፤ ወደሱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንድ መጠን አሳዩ፤ የዱቄት ጆንያ ግማሽ ያህል።

"ይህን ያህላል" አሉ። "በጀርባ የሚታዘል ነው። ይማም አዝሎት ነበር። አዝሎት ነው የቀረው።"

ሌላውን ሁሉ የተናገሩት በዚያው ድምፅ፣ ሰሌዳ ላይ የመኪና ስምሪት እንደሚያነቡ ሆነው ነው። እግራቸውን የተመቱት በመጀመሪያው ሰዓት ነበር። ሁለት ወታደሮች ተሸክመው አወረዷቸው። መትረየሱን ይዞ የቀረው ሃምሳ አለቃ ይማም ነው፤ እሳቸው ብቻቸውን የተኮሱት ጥይት የለም። ረዳት ጦር ሲደርስ ኮረብታው አልተያዘም፤ መትረየሱ ግን ዝም ብሎ ነበር። አስከሬኑን የፈለገ አልነበረም።

"ሬዲዮ ከጠፋ አዛዡ ይጠየቃል" አሉ። "በዚያ ዘመን መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሆስፒታል ተኝቼ ወረቀት መጣልኝ። የጠፋበት ምክንያት የሚል ቦታ አለው። የጦር ክፍሉ የፖለቲካ ኮሚሳር 'ይዞት ከዳ በለው፣ ፋይሉ ይዘጋል' አለኝ። ፈረምኩ። ኒሻኑ የመጣው ከዚያ ወረቀት በኋላ ነው።"

አቶ ተፈራ ከጎን ሆነው የኮሎኔሉን እጅጌ ጎተቱ። ሊያንሾካሹኩ አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን ሁላችንም ሰማነው። "ኮሎኔል፣ ማይኩ እኮ ክፍት ነው።"

"አውቃለሁ ተፈራ" አሉ ኮሎኔሉ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "እኔን አትምረጡኝ። ከዛሬ ጀምሮ ተወዳዳሪ አይደለሁም።"

ሰዓቴን ያየሁት ያኔ ነው። መጻፍ ጀመርኩ፤ ቀና ስል አጠገቤ የተቀመጠ ማንም አልነበረም፣ ሁሉም ቆሟል። አሁን አሁን ሳስበው ያስደነገጠኝ ወንጀሉ አይመስለኝም። ብዙ ወንጀል ሰምቻለሁ። አንድም ማስረጃ የሌለበት፣ "አላስታውስም" ቢሉ የሚያልፉበት፣ የሚያሸንፉበት ሰዓት ላይ ነው የተናገሩት። ያልካደ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር።

አንድ ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ተነሡ። እሳቸውም የቀድሞ ወታደር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በአንተ ነው የጠሯቸው። "ይህንን ታቅፈህ አሥራ ሰባት ዓመት እንቅልፍ ወሰደህ?" አሉ። ሊቀመንበሩ ግራ ቢገባቸው ወደ ቀጣዩ ተወዳዳሪ እንለፍ አሉ፤ ተወዳዳሪውም ተነሥተው "እኔ እንኳ ኒሻን የለኝም" ብለው ጀመሩ። የሳቀ አልነበረም።

እትዬ ዘሐራ ገና አልተቀመጡም።

"የት ነው የቀረው?"

"ከኮረብታው ጫፍ በስተሰሜን። የድንጋይ ካብ ነበር። ከካቡ ጀርባ።"

ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረው "ሰምታችኋል፤ ከካቡ ጀርባ" አሉ። አላለቀሱም። ሦስቱም ተያይዘው ወጡ።

በሚቀጥለው እትም እርማቱ በፊት ገጽ ወጣ። ከነስሜ ነው የጻፍኩት፤ የድሮውን ዜና እኔ እንደጻፍኩ፣ አሁንም እሱኑ እንደ ማስረጃ እንደተጠቀምኩ። ጋሽ ሙሉጌታ እርሳስ ሰጡኝና በየመስመሩ ምልክቴን አደረግኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ "ወ" የሚል ሁሉ ከሥሩ የጻፈውን ሰው ስም መጨመር ግዴታ ሆነ። ስለ ስህተቴ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሥራ ስጨርስ እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኙኝ ጀመር፤ በፊት አያደርጉትም ነበር።

ኮሎኔል ደጉ ከውድድሩ የወጡት የምርጫው ወረቀት ከታተመ በኋላ ስለነበር ስማቸው እዚያው ላይ ቀረ። የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን አነጋግሬያለሁ፤ አንደኛው "ከሦስቱ እውነት የተናገረው እሱ ነው" አለኝ፤ ሌላኛው ስብሰባውን አልሰማም ነበር። አልተመረጡም። ወደ ስምሪታቸው ተመለሱ፤ ወደ ፖለቲካ ዳግም አልገቡም። የምስክርነት ቃላቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ኒሻኑን ጨምረው ለሚመለከተው ክፍል አስገቡ፤ አንዱን ቅጂ ለእትዬ ዘሐራ ሰጡ። ክፍሉ እርማቱን ማጽደቅ የሚችለው ሃምሳ አለቃው የነበረበት ክፍለ ጦር ነው አላቸው። ክፍለ ጦሩ ከተበተነ ዓመታት አልፈዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሾላ በኩል ሳልፍ እትዬ ዘሐራን አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"መጡ" አሉ በርበሬውን እየሰፈሩ። "እምቢ ያልነው እኛ ነን። ልጅቱ፣ ለአባቴ ጋዜጣ እስኪመሰክርለት የጠበቀ ቤት አልገባም አለች። እኔም አልተጫንኳትም።"

ሩብ ኪሎ በርበሬ ሸጡልኝ፤ የጠቀለሉልኝ በፌስታል ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ የቀድሞው ጦር ሰነዶች ከሚቀመጡበት ክፍል ፈቃድ ጠይቄ የሃምሳ አለቃ ይማም አራጋውን መዝገብ አየሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አጠገቤ ቆመው ነበር። በስሙ ትይዩ "ሬዲዮ ይዞ የከዳ" የሚለው በቀይ ቀለም ተሰርዟል። የሰረዘው ሰው አልፈረመም። በቦታው የተተካ ቃል የለም።